ባልና ሚስት በሞተር ጀልባ ከኖርፎክ እስከ ማያሚ እንዴት ይጓዛሉ?

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የምንኖር ሀበሾች ቼሳፒክ ቤይን የምናውቀው ባብዛኛው በድልድዩ ላይ በመኪና ስናልፍ ነው። ደቡብ ጫፉ ላይ፣ ኖርፎክ አጠገብ፣ ኢንትራኮስታል ዋተርዌይ የሚባል የውሃ መንገድ ይጀምራል። ወንዞችን፣ የባሕር ሰርጦችንና በሰው እጅ የተቆፈሩ ቦዮችን እያገናኘ 1,090 ማይል ገደማ ተጉዞ ማያሚ ይደርሳል። ብዙው ክፍል ከአትላንቲክ በደሴቶች የተከለለ ስለሆነ ትልቁ ማዕበል አያገኛችሁም። ብርዱ ሲመጣ ብዙ ባልና ሚስቶች፣ በተለይ ጡረታ የወጡት፣ ቤታቸውን ዘግተው በጀልባቸው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። እናንተም ካሰባችሁበት እንዲህ ጀምሩ።

1. መጀመሪያ ሁለታችሁም ተማሩ

ስለ ጀልባው ከማውራታችን በፊት ይሄ ይቅደም። ባልየው ካፒቴን፣ ሚስትየዋ ገመድ ወርዋሪ ሆነው የሚሄዱ ጥንዶች ሞልተዋል። ካፒቴኑ ውሃ ውስጥ ቢወድቅስ? ጀልባ ላይ የቀረው ሰው ሞተር ማቆም፣ ጀልባ ማዞርና ሬዲዮ መጥራት ካልቻለ ሁለት ሰው አለ አይባልም። ስለዚህ ኮርሱን አብራችሁ ውሰዱ። ቨርጂኒያ 10 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ የሆነ ሞተር ያለው ጀልባ ለሚነዳ ሁሉ የደኅንነት ትምህርት ታስገድዳለች። ሜሪላንድ ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ ለተወለዱ። እናንተ ከዚያ በፊት ብትወለዱም ውሰዱት።

ከሬዲዮው አጠገብ አንድ ወረቀት ለጥፉ፦ ቻናል 16፣ «ሜይዴይ» (የአደጋ ጥሪ ነው) ሦስት ጊዜ፣ የጀልባው ስም፣ ያላችሁበት ቦታ፣ ምን እንደደረሰባችሁ፣ ስንት ሰው እንዳለ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ይሁን። በድንጋጤ ሰዓት እንኳን እንግሊዝኛ አማርኛውም ይጠፋል።

2. ጀልባውን ምረጡ

እንደኔ ለሁለት ሰው ከ32 እስከ 38 ጫማ ርዝመት ያለው፣ ባለ አንድ ናፍጣ ሞተር ትሮውለር የሚባል መኝታ ያለው ጀልባ ይበቃል። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። በ7 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 8 ማይል ገደማ፣ ሲጓዝ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ጋሎን ናፍጣ ይወስዳል። እስከ ማያሚ ከ270 እስከ 410 ጋሎን ቢሆን ነው። ፈጣን ጀልባ ቶሎ ያደርሳችኋል፤ ነዳጁ ግን ኪስ ያራቁታል። ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን ሰርቬየር (የጀልባ መርማሪ) ቀጥራችሁ ጀልባው ከውሃ ወጥቶ ይመርመር። ሻጩ ያመጣው ሰው አይሁን።

3. ጊዜውን ለዩ

የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ብዙዎቹ ከኖርፎክ የሚነሡት ኦክቶበር ውስጥ ወይም ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ነው። የኢንሹራንስ ውላችሁን አንብቡ፤ እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ ወደ ደቡብ እንዳትወርዱ የሚከለክል ሊሆን ይችላል። በቀን ስድስት ሰዓት ብትጓዙ 50 ማይል አካባቢ ትሄዳላችሁ፤ ባዶው ጉዞ ሦስት ሳምንት ተኩል አይሞላም። ነፋስና ዕረፍት ሲጨመርበት ሁለት ወር ያዙ። ቀን ቆርጦ ማያሚ ላይ ከሰው ጋር ቀጠሮ መያዝ ጥሩ አይደለም። መጥፎ አየር ውስጥ የሚያስገባችሁ ቀጠሮ ነው።

4. ጠዋት ጠዋት ሞተሩን እዩ

አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ዘይት፣ ኩላንት፣ የባሕር ውሃ የሚገባበት ማጥለያ፣ የናፍጣው ፊልትሮ። ፊልትሮው ሥር ያለው ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ካጠራቀመ አፍስሱት። ሞተሩ ሲነሣ ከጀልባው ኋላ ሄዳችሁ የጭስ ማውጫውን ተመልከቱ፤ ከጭሱ ጋር ውሃ እየተፋ መሆን አለበት። ውሃው ከቀነሰ ወይም ነጭ እንፋሎት ከወጣ ቶሎ አጥፉት። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የውሃ ፓምፑ ውስጥ ያለችው ኢምፔለር የምትባል ጎማ ናት። ሁለት መለዋወጫ ያዙ፤ መቀየሩንም ከጉዞው በፊት ሁለታችሁም ተለማመዱ።

ሞተራችሁ የውስጥ ቤንዚን ሞተር ከሆነ ደግሞ ከማስነሣታችሁ በፊት የአየር ማስወጫውን ቢያንስ አራት ደቂቃ አሠሩት። የታመቀ የቤንዚን ትነት ይፈነዳል።

5. ምልክቶቹንና ድልድዮቹን እወቁ

ወደ ደቡብ ስትወርዱ ቀዩ ምልክት በቀኛችሁ፣ አረንጓዴው በግራችሁ ይሁን። መንገዱ ከወንዝ ጋር ሲገናኝ ግን ቀለሞቹ ሊገለባበጡ ይችላሉ። ያኔ ምልክቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ቢጫ ፈልጉ፦ ቢጫ ሦስት ማዕዘን በቀኝ፣ ቢጫ አራት ማዕዘን በግራ ይቀራል። ቀለሙን ትታችሁ ቢጫዋን እመኑ።

የሚከፈቱ ድልድዮችን በቨርጂኒያና በሰሜን ካሮላይና በቻናል 13፣ ከዚያ በታች በቻናል 9 ትጠራላችሁ። ኖርፎክ አካባቢ ሰው ሥራ በሚገባበትና በሚወጣበት ሰዓት የማይከፈቱ አሉ። ሰሜን ካሮላይና ላይ አልበማርል ሳውንድ የሚባለው የባሕር ሰርጥ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ነው፤ ነፋስ ሲነሣ አጫጭርና ቀጥ ያለ ሞገድ ያንገላታል። የነፋሱን ትንበያ ሳታዩ አትግቡ። ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ሚርትል ቢች አጠገብ ደግሞ ዳርና ዳሩ ድንጋይ የሆነ ጠባብ ቦይ አለ። ከመግባታችሁ በፊት በሬዲዮ ከወዲያ የሚመጣ ባርጅ (ትልቅ ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ) እንዳለ ጠይቁ፤ ውስጡ መተላለፍ ያስቸግራል።

6. መልህቅ መጣል

ገንዘብ የሚቆጥበው ይሄ ነው፤ ማሪና (የጀልባ ማደሪያ ወደብ) በጀልባው ርዝመት፣ በየጫማው ያስከፍላል። ጀልባውን ወደ ነፋሱ ወይም ወደ ውሃው ፍሰት አዙራችሁ አቁሙ። ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር መልህቁን ቀስ አድርጋችሁ አውርዱ፤ ሰንሰለቱን አንድ ላይ አትድፉት።

ስንት ጫማ ይለቀቅ? ጆርጂያን እንውሰድ፤ ታይዱ (የባሕሩ ውሃ በየዕለቱ መሙላትና መጉደል) ከ7 እስከ 9 ጫማ ከፍና ዝቅ ይላል። ውሃው ሲጎድል ጥልቀቱ 8 ጫማ ነው እንበል። በታይዱ 8 ጫማ ይጨመራል። ከውሃው እስከ ጀልባው ፊት ያለው ከፍታ 4 ጫማ። ድምሩ 20። በሰንሰለት ከሆነ በአምስት አባዙት፣ 100 ጫማ፤ ነፋስ ካለ ወይም ብዙው ገመድ ከሆነ በሰባት፣ 140። ማታ 8 ጫማውን ብቻ አስቦ 40 ጫማ የለቀቀ ሰው ሌሊት መልህቁ ተነቅሎ ጭቃ ላይ ይገኛል። መጨረሻ ላይ ለስለስ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። ዳር ላይ ያሉ ሁለት ነገሮች፣ ለምሳሌ ዛፍና ምሰሶ፣ እንደተሰለፉ ከቆዩ ይዟል።

7. ዶክ (ጀልባ የሚታሰርበት መድረክ) ላይ አትዝለሉ፣ አትጯጯሁ

መሪውን ሚስትየዋ ብትይዝ፣ ገመዱን ጉልበት ያለው ቢይዝ ይሻላል። መጀመሪያ የሚታሰረው የመሀል ገመድ ነው። ዶኩ ላይ ከኋላ ወዳለው ማሰሪያ አስገቡት፤ ከዚያ መሪውን ከዶኩ ወደ ውጭ አዙራችሁ ሞተሩን በዝቅተኛ ወደ ፊት ማርሽ ተዉት። ጀልባው ራሱ ዶኩ ላይ ይለጠፋል። ሌላውን ገመድ ተረጋግታችሁ ታስራላችሁ። ጆሮ ላይ የሚደረግ ማውሪያ ግዙ፤ ባሕረኞቹ «ትዳር አዳኝ» የሚሉት በከንቱ አይደለም። ጎረቤት ሁሉ እያየ ከመሰዳደብ ይሻላል።

8. ስንቅና ቡና

ፍሪጁ ትንሽ ነው፣ አየሩ እርጥብ ነው፤ እንጀራ ቶሎ ይሻግታል። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎና ሽሮ ያዙ። አያቶቻችን ለመንገድ የመረጡት ስንቅ ጀልባም ላይ ይሠራል። ቡናውን መልህቅ ከማንሣታችሁ በፊት አፍሉ። ጀበና ክብ ነው፤ የሚያልፍ ጀልባ የሚያስነሣው ሞገድ ይደፋዋል። ከሰል ግን ለቡናም ሆነ ለዕጣን ክፍሉ ውስጥ በፍጹም አይቀጣጠል። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ገዳይ ጋዝ ሽታ የለውም፤ ሁለት የማስጠንቀቂያ መሣሪያ መኝታው አጠገብ ስቀሉ።

የሽንት ቤቱ ታንክ ደግሞ ከባሕር ዳርቻ እስከ 3 ኖቲካል ማይል ድረስ ሳይታከም አይደፋም። ማሪና ላይ በፓምፕ ይወጣል።

9. ፍሎሪዳ ከገባችሁ በኋላ

ሴንት ኦገስቲን ላይ ሁለት ሦስት ቀን እረፉ፤ በ1565 የተመሠረተች ከተማ ናት፣ በእግር ይዞራል። ከዚያ ወደ ታች ማናቲ የሚባለው ትልቅ የውሃ እንስሳ የሚጠበቅባቸው ቦታዎች ይበዛሉ። ፍጥነት ቀንሱ የሚል ምልክት ስታዩ ቀንሱ፤ ቅጣት አለው። ከማያሚ አልፋችሁ ወደ ኪ ዌስት የምትቀጥሉ ከሆነ ቀን ቀን ብቻ ሂዱ። ከኦክቶበር አጋማሽ ጀምሮ ውሃው በክራብ ወጥመድ ተንሳፋፊዎች ይሞላል፣ ገመዳቸውም ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል። አንዳችሁ መሪ ስትይዙ ሌላው ፊት ላይ ቆሞ ይጠቁም። ከተጠመጠመባችሁም ወዲያው ማርሹን ፍሪ ላይ አድርጉ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ እስኪወጣ ድረስ ማንም ውሃ ውስጥ እንዳይገባ።