የጨጓራ ቁስል የሚጠግኑ ሴሎችን እንዴት እናግዛቸው?

ፋርማሲስት ነኝ። ኦሜፕራዞል ለሚወስድ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፦ ክኒኑ አሲዱን ይቀንሳል እንጂ ቁስሉን አይደፍንም። የሚጠግነው ሰውነታችን ነው። ከጠጋኞቹ ደግሞ የመከላከያ ሴሎች ትልቅ ድርሻ አላቸው።

ቀድመው የሚደርሱት ኒውትሮፊሎች ናቸው። ባክቴሪያ ይገድላሉ፣ የሞተውን ሥጋ ያጸዳሉ። ግን ቶሎ ሥራቸውን ጨርሰው መሄድ አለባቸው፤ ከቆዩ የሚረጩት ኬሚካል ጤነኛውንም ክፍል ይጎዳል። ቀጥሎ ማክሮፌጆች ይመጣሉ። እኔን ሁሌም የሚገርሙኝ እነዚህ ናቸው። የሞቱትን ኒውትሮፊሎች ይውጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ጠባያቸው ይለወጣል፣ ከውጊያ ወደ ጥገና ይዞራሉ። የሚያመነጩት ፕሮቲን አዲስ የደም ሥር እንዲበቅልና ከቁስሉ ዳር ያለው ሽፋን ወደ መሃል እንዲሳብ ያደርጋል።

እንግዲህ የእኛ ድርሻ ይህ ጥገና እንዳይቋረጥ መጠበቅ ነው።

መጀመሪያ የኤች ፓይሎሪ (ጨጓራን የሚያቆስል ባክቴሪያ) ምርመራ አድርጉ። ባክቴሪያው እስካለ ድረስ ኒውትሮፊል መጉረፉን አያቆምም። ሐኪሙ ባሪ ማርሻል በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ከጨጓራው ናሙና ሲወሰድ የታየው ይኸው የኒውትሮፊል መጉረፍ ነበር። ከተገኘባችሁ የታዘዘውን አንቲባዮቲክ፣ ብዙ ጊዜ የ14 ቀን ነው፣ አንድም ሳታስቀሩ ጨርሱ።

ኦሜፕራዞሉን ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውጡ። እባካችሁ ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ አታቁሙት! ሕመሙ ቀድሞ ይጠፋል፤ ማክሮፌጆቹ ግን ገና ሥራ ላይ ናቸው። ለጨጓራ ቁስል ብዙ ጊዜ እስከ 8 ሳምንት ይታዘዛል።

የሕመም ማስታገሻዎቹ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የጨጓራን ሽፋን የሚጠብቀውን ፕሮስታግላንዲን ይቀንሳሉ። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይሻላል። ለልብ አስፒሪን የታዘዘላችሁ ግን ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አታቁሙ።

ሲጋራም ተዉ። ሴሎቹ ቁስሉ ጋ የሚደርሱት በደም ነው፤ ሲጋራ ደግሞ የደም ዝውውሩን ያዳክማል።

አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ ባክቴሪያው መጥፋቱን አስመርምሩ። ለትንፋሽ ወይም ለሰገራ ምርመራ ኦሜፕራዞሉ ከ2 ሳምንት በፊት መቆም ስላለበት ሐኪማችሁን ጠይቁ። ሐኪሙ ድጋሚ ኢንዶስኮፒ (ጨጓራን በካሜራ የማየት ምርመራ) ካዘዘም አትቅሩ፤ አንዳንዱ የማይድን ቁስል ካንሰር ሊሆን ይችላል።

ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስታወካችሁ ወይም ሆዳችሁን ድንገት አጥብቆ ከቆረጣችሁ ክኒን አትፈልጉ። በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።