ለማኅበረሰብ ጤና የሚቀርብን የውሳኔ ሐሳብ በማስረጃ እንዴት እናዘጋጅ?

የጤና ባለሙያ፣ የምክር ቤት አባል ወይም የማኅበር አስተባባሪ ሆነው አዲስ መመሪያ ወይም ፕሮግራም እንዲጸድቅ ሐሳብ የሚያቀርቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት መፍትሔውን ከችግሩ አስቀድመው በመምረጣቸው ነው። ስብሰባው ገና ሲከፈት «የግንዛቤ ማስጨበጫ ዘመቻ ያስፈልጋል» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰበሰበው መረጃ ሁሉ አስቀድሞ የተወሰነውን ለማጽደቅ ብቻ ይውላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ማን እንደተጎዳ፣ የት፣ ምን ያህል እና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይናገር እንጂ መፍትሔ አይግባበት። «የንጽሕና ትምህርት እጥረት አለ» የሚለው የችግር መግለጫ መስሎ የቀረበ መፍትሔ ነው፤ «ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየው ተቅማጥ ከሁለት ዓመት ወዲህ ጨምሯል» የሚለው ግን ለምርመራ በር ይከፍታል።

ቁጥር ሲጠቅሱ ከስንት መሆኑን አብረው ይጻፉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ስኖው እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደንን የመታውን የኮሌራ ወረርሽኝ ሲመረምር ያደረገው ይህንኑ ነው። በደቡብ ለንደን ሁለት የውኃ ኩባንያዎች በብዙ መንገዶች ላይ ጎን ለጎን ቧንቧ ዘርግተው ስለነበር፣ ስኖው የሞቱትን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ኩባንያ ውኃ የሚያደርሳቸውን ቤቶች ብዛት ጭምር ይዞ አሰላ። ፍሳሽ ከተቀላቀለበት የቴምዝ ወንዝ ክፍል በሚቀዳው ኩባንያ ደንበኞች ዘንድ ለ10,000 ቤቶች 315 ሰዎች ሲሞቱ፣ መቅጃውን ከከተማው በላይ ወዳለው የወንዙ ክፍል ባዛወረው ኩባንያ ደንበኞች ዘንድ የሞቱት 37 ነበሩ። በሽታው በተህዋስ እንደሚመጣ ገና ተቀባይነት ባላገኘበት ዘመን እንኳ ይህ ንጽጽር ለእርምጃ በቂ ነበር። የጤና ተቋማትን መዝገብ ሲጠቀሙም ይጠንቀቁ፤ መዝገቡ የሚያሳየው የታመሙትን ሁሉ ሳይሆን ለሕክምና የመጡትን ነው። አዲስ ጤና ጣቢያ በተከፈተ ማግስት «በሽታው ጨመረ» የሚል ሪፖርት የሚወጣውም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው።

ማስረጃ ፍለጋውን ከአንድ ጥናት አይጀምሩ። መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው በጉዳዩ ላይ የተደረጉትን ጥናቶች ሁሉ በተወሰነ ስልት ሰብስቦ የሚመዝን ስልታዊ ግምገማ ነው። እንዲህ ያለው ግምገማ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማየት የሕፃናትን አተኛኘት መመልከት ይበቃል። ሕፃናት በሆዳቸው እንዲተኙ የሚመክሩ ጽሑፎች እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ ይወጡ ነበር፤ ሆኖም በሆድ መተኛት ከድንገተኛ የሕፃናት ሞት ጋር መያያዙን የሚያሳዩት መረጃዎች በአንድነት ተሰብስበው ቢመዘኑ ኖሮ አደጋው በ1970 ገደማ ሊታወቅ ይችል ነበር። በጀርባ ማስተኛትን የሚያበረታቱ ዘመቻዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያ በብሪታንያና በሌሎች አገሮች ሲካሄዱ ሞቱ በእጅጉ ቀነሰ። ዛሬ ይህን የማሰባሰብ ሥራ የሚሠሩ ተቋማት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ኮክሬን የግምገማዎቹን ማጠቃለያ በቀላል አገላለጽ ለማንም በነጻ ያቀርባል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያዎችም ምክሩ በጠንካራ ወይም በደካማ ማስረጃ ላይ መመሥረቱን ይገልጻሉ። ክፍያ ለሚጠይቁ መጽሔቶች በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ያሉ ተቋማት ሂናሪ በተባለው ፕሮግራም በነጻ ወይም በአነስተኛ ዋጋ መጠቀም ይችላሉ። ሲፈልጉ ጥያቄውን በአራት ክፍል ይክፈሉት፦ ለእነማን፣ ምን ቢደረግ፣ ከምን ጋር ሲነጻጸር፣ ምን ውጤት ይገኛል? «ከምን ጋር» የሚለውን የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ከአራቱ ዋናው እርሱ ነው እላለሁ።

ውጤቱን ሲያነቡ በመቶኛ ብቻ የቀረበን ቅናሽ በጥርጣሬ ይመልከቱ። ከ10,000 ሰዎች ሁለት ይታመሙ የነበረው ወደ አንድ ቢወርድ «በ50 በመቶ ቀነሰ» ይባላል፤ ከ100 ሰዎች 20 ይታመሙ የነበረው ወደ 15 ቢወርድ ደግሞ ቅናሹ 25 በመቶ ነው። ከ10,000 ሰዎች የመጀመሪያው አንድ ሰው፣ ሁለተኛው 500 ሰዎች ከሕመም ያድናል። ሌላው ወጥመድ «ከፕሮግራሙ በፊትና በኋላ» የሚለው ንጽጽር ነው። አንድ አካባቢ ለፕሮግራም የሚመረጠው ቁጥሩ ከፍ ባለበት ክፉ ዓመት ስለሆነ፣ ምንም ባይደረግም በቀጣዩ ዓመት ወደ ተለመደው መጠን የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው። ተመሳሳይ ሁኔታ ያለው፣ ፕሮግራሙ ያልደረሰው ሌላ አካባቢ ከጎኑ ካልቀረበ ምስጋናው ለማን እንደሚገባ አይታወቅም።

በሌላ ቦታ የሠራ ነገር በእርስዎ ዘንድ መሥራቱን የሚወስነው አፈጻጸሙ ነው። እጅ መታጠብን ማበረታታት የተቅማጥ ሕመምን በ30 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ የተሰበሰቡት ጥናቶች ያሳያሉ፤ ነገር ግን ከእነዚህ ብዙዎቹ ሳሙና እያቀረቡና ተሳታፊዎችን በቅርብ እየተከታተሉ የተካሄዱ ናቸው። ሳሙናውንና ክትትሉን ቀንሶ ፖስተሩን ብቻ መውሰድ፣ ከዚያም ያንኑ 30 በመቶ መጠበቅ አይቻልም። በተጨማሪ ጥቅሙ ለማን እንደሚደርስ ይጠይቁ። የግል ጥረትን ብቻ የሚጠይቅ ምክር አስቀድሞ የሚጠቅመው ጊዜም ገንዘብም ያለውን ሰው ሲሆን፣ ጨውን በአዮዲን ማበልጸግን የመሰለ እርምጃ ግን ሰው ምርጫውን ሳይለውጥ ጥቅም ላይ ይውላል። ሁለቱም ባሉበት ሁለተኛውን ማስቀደም እመርጣለሁ፤ ሆኖም የሰውን ምርጫ የሚገድብ እርምጃ ሲሆን ምክንያቱ በግልጽ ሊነገር ይገባል።

የውሳኔ ሐሳቡ ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ችግሩ፣ ቢያንስ ሦስት አማራጮች፣ የእያንዳንዱ ወጪና የማስረጃው ጥንካሬ ይስፈሩበት፤ ከአማራጮቹ አንዱ «አሁን ያለው ይቀጥል» የሚለው ይሁን። ማስረጃው የማይሸፍነውን ነገር ራስዎ ቢጽፉት፣ ተቃዋሚ አንስቶት ሙሉው ሐሳብ ከሚወድቅ ይሻላል። በውሳኔው ገቢያቸው የሚነካ ወገኖች አስተያየታቸው ይሰማ፤ ረቂቁን ግን እነርሱ አይጻፉት። እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 5.3 የስምምነቱ አባል አገሮች የትምባሆ ቁጥጥር ፖሊሲያቸውን ከትምባሆ ኢንዱስትሪው ጥቅም እንዲከላከሉ ያስገድዳል።

መነሻ መረጃው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይሰብሰብ፤ ከተጀመረ በኋላ የሚፈለግ መነሻ መረጃ በትዝታ ላይ የተመሠረተ ይሆናል። ስንት ሥልጠና ተሰጠ፣ ስንት ሰው ተገኘ የሚሉት አመላካቾች የአፈጻጸም እንጂ የጤና ውጤት ስላልሆኑ ለየብቻ ይመዝገቡ። በመጨረሻም ውሳኔው በሚጸድቅበት ሰነድ ላይ ግምገማው የሚካሄድበትን ቀን፣ ገምጋሚውን፣ ውጤቱ ከየትኛው መጠን በታች ከሆነ ሥራው እንደሚስተካከል ወይም እንደሚቆም ያስፍሩ፤ ሠራተኛ ከተቀጠረና በጀት ከተለመደ በኋላ ይህን መስማማት እጅግ ይከብዳል።