ምልክቱ ያስታውሳል እንጂ አያስተምርም፦ ዜማ ስታጠኑ እነዚህን አስወግዱ

በደብረ ብርሃን ብርድ ባናውን ተከናንቦ በቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ በድጓ ላይ የሚያቀረቅር ልጅ ሳይ አንጀቴን ይበላኛል። ድካሙ ከንቱ እንዲቀርበት አልፈልግም።

አንደኛው ስህተት ከየኔታ አፍ ሳይሰሙ ከመጽሐፉ ላይ ለማዜም መሞከር ነው። ከቃሉ በላይ የሚጻፈው ምልክት ማስታወሻነቱ ለሰማ ሰው ነው። ስማቸው ራሱ ሥራቸውን ይናገራል፤ ድፋት ድምፅን ወደ ታች ይደፋል፣ ቁርጥ ይቆርጣል፣ ርክርክ ያርገበግባል። ግን ምን ያህል? ከየት ተነስቶ? ይህን ወረቀት አይነግራችሁም። ምልክቶቹን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያበጇቸው በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ ነው። ዜማው ግን ከዚያ በፊት ዘመናት ሙሉ በቃል ሲወርድ ነው የኖረው።

ሌላው ትንንሾቹን ፊደላት ዘሎ ማለፍ ነው። ጀማሪ ነጥቡንና ጭረቱን ብቻ ያያል። ከቃሉ አናት ላይ ደቀቅ ብላ የምትቀመጠው ፊደል ግን ከአንድ የታወቀ የድጓ ሐረግ ተቆርጣ የመጣች ናት። «ይህንንም እንደዚያኛው በለው» ማለቷ ነው። ልጅ ሳለሁ አንዷን አልፌ ሳዜም የኔታ አስቆሙኝ። ጣታቸውን ፊደሏ ላይ አድርገው መጀመሪያ ምንጩን ሐረግ አዜሙልኝ። ከዚያ ወደኔ ቃል ተመለሱ። ያው ዜማ! ዛሬም ያቺን ፊደል ሳይ ድምፃቸው ጆሮዬ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ምንጮቹን ሐረጎች ቀድማችሁ በቃላችሁ ያዙ። ሳትይዟቸው ፊደሏን ብታፈጡባት ምንም አትላችሁም።

በስልክ መቅረጽ መልካም ነው። ጆሮ ላይ ሰክቶ መተኛት ግን ጥናት አይደለም። ሰምታችሁ ዝጉት፤ ድምፅ አውጥታችሁ በሉት፤ ከዚያ ከፍታችሁ አስተያዩ። መቋሚያውንም ለበዓል ብቻ አታቆዩት፤ አፍ የረሳውን ዝማሜው፣ መቋሚያ ይዞ እየተወዛወዙ ማዜሙ፣ ያስታውሳል።

የመጨረሻውን እለምናችኋለሁ፤ አብሾ አትንኩ። «አእምሮ ይከፍታል» እየተባለ በተማሪ ቤት ሲወራ ኖሯል። ተክሉ መርዝ ነው። ያስቀባጥራል፣ የሌለ ነገር ያሳያል፣ ሊገድልም ይችላል። አንድ ዜማ ከጠፋባችሁ ጠዋት ተነስታችሁ ከየኔታ እንደገና ተቀበሉት።