የስኖሞቢል ጎማ ኩሽኔታ፦ ግራሶ ይበቃዋል ወይስ ይቀየር?
የስኖሞቢሉን (በበረዶ ላይ የሚነዳውን ተሽከርካሪ) ኋላ አንሱና ካተናው (በረዶውን እየያዘ የሚዞረው የላስቲክ ቀበቶ) ላይ የሚሄዱትን ትንንሽ ጎማዎች አንድ በአንድ በእጅ አሽከርክሩ። የሚንገጫገጭ ወይም ወደ ጎን የሚወዛወዝ ኩሽኔታ (ጎማው በኳሶች ላይ እንዲዞር የሚያደርገው ቀለበት) አልቋል፤ ግራሶ አያድነውም። አዲስ ስትገዙ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያዙ፤ ለምሳሌ 6205 ማለት የውስጥ ቀዳዳው 25፣ የውጪ ስፋቱ 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊሜትር ነው።

ለስልሶ የሚዞረውን ግን አገልግሉት። የላስቲክ ክዳኑን በቀጭን መርፌ ከውስጠኛው ቀለበት በኩል ቀስ ብላችሁ ፈልቅቁ፤ ከንፈሩ ከተቀደደ ውሃ ያስገባል። ግራሶው ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ቀድሟችኋል ማለት ነው። በነጭ ጋዝ እጠቡ፣ ፈጽሞ ይድረቅ፤ ከዚያ ብርድና ውሃ የሚችል ግራሶ ከክፍተቱ ሲሶ እስከ ግማሽ ሙሉ። ጢም ካለ ይሞቃል፣ ክዳኑንም ይገፋል።

አዲሱን ወደ ጎማው ስታስገቡ የውጪውን ቀለበት ብቻ በልኩ ቱቦ ምቱ፤ ውስጠኛውን ከመታችሁት ኳሶቹ የሚሄዱበትን መንገድ ያጎደጉዳሉ።