ግቢው ጸድቷል ወይ ብላችሁ አትጠይቁ

እናንተ ባላችሁበት አገር ሚያዝያ ላይ ብርዱ ይለቃል። ጎረቤቱ ሁሉ በረንዳውን ማጠብ ይጀምራል። ያን ጊዜ ጎጃም ያለው ቤታችሁ ትዝ ይላችሁና ትደውላላችሁ፤ «ግቢውን አጽዱልኝ» ትላላችሁ። ጊዜውስ ጥሩ ነው። ግን ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ በዚያ ወቅት የሚጣደፈው ሥራ ያለው ጣራ ላይ ነው።

አሸንዳው በጋውን ሙሉ አቧራና የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲጠራቀምበት ከርሟል። ሐምሌ ሲገባ ውሃው መውጫ ያጣና በግድግዳው ይወርዳል። የጭቃ ቤት ከሆነ ልስኑ ይረግፋል። ብሎኬት ቢሆንም ውሃው መሠረቱ ሥር ይተኛል። ስለዚህ ሰኔ ሳይገባ አሸንዳው ይጠረግ፣ የግቢው ቦይም ይከፈት። ቦይ ስታስከፍቱ ውሃው ወደ ጎረቤት እንዳይዞር አደራ። እናንተ ሩቅ ናችሁ፤ ጠቡን የሚችሉት እዚያ ያሉት ናቸው።

ሁለተኛው ጽዳት ከክረምት በኋላ ነው። ለእንቁጣጣሽ ደጁ መጠረጉ አይቀርም፤ ዝናቡ ግን ገና አልጨረሰም። ሙጃውን ነቅሎ፣ በረንዳውን ፈግፍጎ ማጠቡ ጥቅምት ላይ ቢሆን ይሻላል። ኅዳር 12 ደግሞ ራሱ የጽዳት ቀን ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀ ወዲህ በየዓመቱ ቆሻሻ እየተሰበሰበ ይታጠናል። ፕላስቲክና ጎማ ግን እሳቱ ውስጥ እንዳይገባ ንገሯቸው፤ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእናቴ በረንዳ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ አስነጠፍኩ። ፎቶው ሲመጣ ደስ አለኝ። ነሐሴ ላይ ከጓሮ ጌሾ ቀጥፋ ስትመለስ አንሸራተታትና እጇ ተሰበረ። እኔ የሰማሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። «እንዳትጨነቅ ብለን ነው» አሉኝ። በመሃል ስንት ጊዜ ደውያለሁ! መልሱ ሁሌ «ደህና ነን፣ ግቢውም ጸድቷል» ነበር።

ውጭ የሚነጠፍ ነገር ሻካራ ይሁን። ጥርብ ድንጋይ ወይም ያልለሰለሰ ሲሚንቶ ይበቃል። ውሃ እንዳይተኛበት በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ከቤቱ ወደ ውጭ ዝቅ እያለ ይሂድ። በክረምት የሚይዘውን አረንጓዴ ሽፋን ሻካራ ብሩሽና አሸዋ ያስለቅቁታል። በረኪና ከተጠቀሙ ከአሲድ ጋር በፍጹም እንዳይቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። እጣቢውም ወደ ጌሾውና ወደ ቡናው አይፍሰስ።

ለሥራው የቀን ሠራተኛ ቅጠሩ። የአክስት ልጅ ስለሆነ በነጻ ይሠራል አይባልም፤ እሱም የራሱ ኑሮ አለው። የመጥረጊያውን፣ የአካፋውንና የትራንስፖርቱን ለብቻ አስቡለት። አጥር ማፍረስ ወይም አዲስ ነገር መገንባት ከመጣ ግን የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ለዚያ ሕጋዊ ውክልና ስጡ፤ በቃል ብቻ አትተዉት።

ቪዲዮ ጥሩ ነው፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን የቀረላችሁ ስልክ ብቻ ነው። ስለዚህ አጠያየቃችሁን ቀይሩ። «ጸድቷል ወይ?» ካላችሁ መልሱ «አዎ» ነው። «ዝናቡ ሲያባራ ውሃው የት ይቆማል?» በሉ። ይህ ጥያቄ ለወባም ይጠቅማል። የወባ ትንኝ ከዕንቁላል ተነስታ ለመብረር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃታል። በተጣለ ጎማ፣ በባልዲ፣ በአበባ ማሰሮ የቆመ ውሃ በየሳምንቱ ይደፋ።

ባለፈው ክረምት እናቴን እንዲሁ ጠየቅኳት። ትንሽ አሰብ አደረገችና «ከበሩ ጎን፣ ዶሮዎቹ የሚጠጡበት ጋ» አለችኝ። በዚያው ሳምንት አንድ ጋሪ ጠጠር አስደፋንበት።