ስለ ኦቲዝምና ስለ ሰው ስሜት ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጅማ ነው ያለሁት፣ ተማሪ ነኝ፣ ኦቲስቲክ ነኝ፣ ማለትም ኦቲዝም አለብኝ፣ አንጎሌ ሰውንም ድምጹንም በሌላ መንገድ ነው የሚያስተናግደው፣ ትርፍ ሰዓቴን ደግሞ ስለ አንጎል የተሰሩ ጥናቶችን ሳነብ ነው የምጨርሰው። እና ጥናቶቹ ውስጥም ሰፈር ውስጥም አንድ አይነት ነገር ደጋግሜ አያለሁ፣ ሰዎች ፊታችንን ያዩና ልባችንን ያነበቡ ይመስላቸዋል። እስቲ አንድ በአንድ እንሂድባቸው፣ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ቅደም ተከተሉ ግን የራሴ ነው፣ በጣም የሚያናድደኝ ይቀድማል።

"ኢምፓቲ የላቸውም" ብሎ መዝጋት

ኢምፓቲ ማለት የሌላውን ሰው ስሜት መጋራት ነው፣ ኦቲስቲኮች ይሄ የላቸውም የሚለው ወሬ ዝም ብሎ ከሜዳ አልመጣም። በ1985 ባሮን-ኮኸን፣ ሌስሊና ፍሪዝ የሚባሉ እንግሊዝ አገር የነበሩ ተመራማሪዎች ሳሊና አን በሚባሉ አሻንጉሊቶች ልጆችን ፈተኑ። ሳሊ ብይዋን ቅርጫት ውስጥ አስቀምጣ ትወጣለች፣ አን ብዩን አንስታ ሳጥን ውስጥ ትከተዋለች፣ ሳሊ ስትመለስ መጀመሪያ የት ነው የምትፈልገው? ቅርጫቱ ጋ፣ ምክንያቱም ሲነሳ አላየችም። ከ20 ኦቲስቲክ ልጆች 16ቱ ሳጥኑን ጠቆሙ፣ ኦቲዝም ከሌለባቸው 27 ልጆች ደግሞ 23ቱ በትክክል መለሱ። ከዛ "የሌላ ሰው ሀሳብ አይገባቸውም" ተባለ፣ እሱ ሲንከባለል ሲንከባለል "አያዝኑም" ሆነ። ሳሊ ምን እንደምታስብ መገመት ሌላ፣ ሳሊ ብይዋ ስለጠፋ ብታለቅስ ሆድሽ መባባቱ ሌላ! ደግሞ 4ቱ አልፈዋል እኮ፣ ስለነሱ ማንም ትንፍሽ አይልም።

በ1995 ደግሞ መስማት የተሳናቸው ግን ሰሚ ቤተሰብ ውስጥ ያደጉ ልጆች ተመሳሳይ ፈተና ተሰጥቷቸው ብዙዎቹ ወደቁ። እነሱን ልበ ደረቅ ያላቸው የለም፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰው ስለሚያስበው ነገር በምልክት ቋንቋ የሚያወራቸው ስላጡ ነው ነው የተባለው። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ማብራሪያው ያጥራል።

ፊት ላይ ያልታየ ስሜት የለም ማለት

ለቅሶ ቤት ላይ ነው ይሄ የሚብሰው። ለቅሶ ደራሽ ሲገባ ማልቀስ አለበት፣ ካላለቀሰም ፊቱ መጥቆር አለበት፣ እኔ ደግሞ አጎቴ የሞተ ጊዜ ፊቴ ምንም አልሆነም፣ ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ደረደርኩ፣ ውሃ አመላለስኩ፣ ቡና ለምትቀዳው ሴትዮ ማን እንዳልደረሰው እየዞርኩ ነገርኳት፣ አንዷ ጎረቤታችን "ይቺ ልጅ ልቧ ድንጋይ ነው እንዴ?" ስትል ሰማሁ። እኔን ለቅሶው የመጣብኝ ከሳምንታት በኋላ ነው፣ ሽሮ እየበላሁ፣ ያኔ ደግሞ ምን እንደሆንኩ ማንም አልገባውም።

አሌክሲታይሚያ የሚባል ነገር አለ፣ የራስን ስሜት ለይቶ ይሄ ነው ለማለት መቸገር ነው። በ2019 የወጣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ስራ ከኦቲስቲክ ሰዎች ግማሽ ያህሉ ላይ አግኝቶታል፣ ኦቲስቲክ ያልሆኑት ላይ 5 ከመቶ ገደማ። ከዛ በፊት በ2010 እነ ጄፍ በርድ ሰዎችን ኤምአርአይ የሚባለው አንጎል የሚያነሳ ማሽን ውስጥ አስተኝተው፣ አጠገባቸው ያለ የሚቀርባቸው ሰው ሲያመው ኢንሱላ የሚባለው የአንጎል ክፍል ምን ያህል እንደሚነቃ ለኩ፣ ልዩነቱን የሚያመጣው አሌክሲታይሚያው እንጂ ኦቲዝሙ ሆኖ አልተገኘም። እንግዲህ ስንት ዓመት ሙሉ የአንዱ ነገር በሌላው ስም ሲጻፍ ነበር ማለት ነው።

መለኪያውን አንዱ ወገን ላይ ብቻ መጫን

የኔ ትልቁ ነጥብ ይሄ ነው። አማርኛ ብቻ የምትችል ሴት እዚህ ጅማ ሂርማታ ገበያ መጥታ ኦሮምኛ ብቻ ከምትችል ሻጭ ጋር በቡና ዋጋ ባትግባባ፣ ሻጭዋ የመግባባት ችግር አለባት አይባልም፣ ሁለቱም ናቸው ያልተግባቡት። ዴሚያን ሚልተን የሚባል ራሱ ኦቲስቲክ የሆነ ሶሲዮሎጂስት በ2012 ይሄንኑ ነው የጻፈው፣ ክፍተቱ የሁለት ወገን ነው፣ እኛ እናንተን ማንበብ ይከብደናል እናንተም እኛን ማንበብ ይከብዳችኋል፣ ብዙ ስለሆናችሁ ግን ችግሩ የኛ ተብሎ ተመዘገበ።

ሀሳብ ብቻ ሆኖም አልቀረም። በ2020 እነ ካትሪን ክሮምፕተን ስምንት ስምንት ሰው አሰልፈው አንዱ የሰማውን ታሪክ ለቀጣዩ እንዲነግር አደረጉ። ኦቲስቲኮች ብቻ ያሉበት ሰልፍ ኦቲስቲክ ያልሆኑት ብቻ ካሉበት ሰልፍ እኩል ታሪኩን ጠብቆ አደረሰው፣ ቶሎ ቶሎ የጠፋው ሁለቱ የተቀላቀሉበት ሰልፍ ላይ ነው። በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አለ፣ ሰዎች የኦቲስቲክ ሰው አጭር ቪዲዮ ሲያሳዩዋቸው "ከዚህ ሰው ጋር ባልቀመጥ ይሻለኛል" አይነት ግምት ይሰጣሉ፣ የተናገረውን ብቻ በጽሁፍ ሲሰጧቸው ግን ያ ግምት ይጠፋል። ስለዚህ የሚያስጠላቸው ያልነው ነገር አይደለም፣ አነጋገራችን ነው፣ ድምጻችንና የእጃችን እንቅስቃሴ ነው። ታዲያ ኢምፓቲ የጎደለው ማን ጋ ነው? እየቀለድኩ ነው፣ ግማሹን ብቻ።

የአንጎል ፎቶ ሲያዩ ማመን

ቲክቶክ ላይ ቀይና ቢጫ የበራ አንጎል ያሳዩና "የኦቲስቲክ አንጎል ይሄው" ይላሉ። ያ ፎቶ የሚመጣበት ኤፍኤምአርአይ የሚባለው ምርመራ ስሜት አያነሳም፣ ደም ውስጥ ያለ የኦክስጅን ለውጥ ነው የሚለካው፣ ከዛ ስታቲስቲክስ ይገባበታል። በ2009 ክሬግ ቤኔትና ጓደኞቹ የሞተ ሳልመን አሳ ማሽኑ ውስጥ አስገብተው የሰዎች ፎቶ እያሳዩት "ይሄ ሰው ምን ተሰምቶታል?" ብለው ጠየቁት፣ እና በአጋጣሚ የሚመጣውን ውጤት የሚያጠራው የስታቲስቲክስ ማስተካከያ ካልተሰራ የአሳው አንጎል በራ! በ2012 ኢግ ኖቤል የሚባለውን፣ መጀመሪያ የሚያስቅ ከዛ የሚያሳስብ ጥናት የሚሸለምበትን ሽልማት ተሸለሙበት። የሞተ አሳ ፈተናውን አለፈ፣ እኛ ወደቅን።

ማሽኑ ደግሞ ከ100 ዴሲቤል በላይ ይጮሃል፣ ሳትነቃነቂ መተኛት አለብሽ፣ ስለዚህ ድምጽ ጭራሽ የማይችሉ ወይም የማይናገሩ ኦቲስቲክ ሰዎች አብዛኞቹ ጥናቶች ውስጥ የሉም። ሚረር (መስታወት) ኒውሮን የሚባለው፣ ራስሽ ስትሰሪም ሌላው ሲሰራ ስታዪም የሚነቃው የአንጎል ሴልም እንደዛው ነው፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጣልያን ፓርማ ውስጥ ጦጣ ላይ ተገኘ፣ ከዛ "ኦቲዝም የተሰበረ ሚረር ነው" ተባለ፣ ከዛ በኋላ የመጡት ጥናቶች እርስ በርስ አልተስማሙም፣ ሰው የሚያስታውሰው ግን የመጀመሪያውን ነው።

"አይኔን እይኝ" ማለት

እኛ አገር ትልቅ ሰው ፊት አይኑን የሚያፈጥ ልጅ አይናውጣ ነው፣ አንገቷን የደፋች ሴት ልጅ ጨዋ ነች። እኔም ጨዋ ስባል አደግሁ፣ ለዛም ነው ማንም ያልጠረጠረው። ፈረንጅ አገር ኦቲዝምን ለመለየት የተሰራ መጠይቅ እንዳለ ተርጉሞ ማምጣት ምን አይነት ጣጣ እንዳለው ከዚህ መገመት ይቻላል። ከዛ ክፍል ውስጥ ፕሬዘንቴሽን ሲመጣ ደግሞ በተቃራኒው "ወደኛ እያየሽ!" ይባላል። በ2017 የተሰራ ጥናት ኦቲስቲክ ሰዎች የሰው አይን ላይ እንዲያተኩሩ ሲደረግ ከስሜት ጋር የተያያዙት የውስጥ የአንጎል ክፍሎች ከሌላው ሰው በላይ እንደሚነቁ አሳይቷል። ቸል ብለን አይደለም፣ በዝቶብን ነው። እኔ ግንባር ነው የማየው፣ እስካሁን ማንም አላወቀብኝም፣ አሁን አወቃችሁ።

ድምጽና ሽታ ሲበዛባት "ቅብጠት ነው" ማለት

በ2013 የወጣው የአሜሪካኖቹ የምርመራ መጽሐፍ ዲኤስኤም-5 የድምጽ፣ የሽታ፣ የንክኪ ነገርን ከኦቲዝም ምልክቶች ውስጥ አስገብቶታል። እዚህ ግን ቡና ተቆልቶ ጭሱ እየዞረ "አሽትቺ እንጂ" ሲባል በር ላይ የቆመች ልጅ ቡና ጠልታ ነው የሚባለው፣ ጅማ ላይ ቡና መጥላት ደግሞ ወንጀል ነው። ቡናውን እወደዋለሁ፣ ሦስተኛው ድረስ እጠጣለሁ፣ ጭስና እጣን ላይ ሬዲዮና አምስት ሰው ባንዴ የሚያወራበት ሲጨመር ነው የማልችለው። ጉርሻ ላይ ብዙ አልልም፣ ለምኑኝ አታጉርሱኝ።

ምክንያቱን እናት ላይ መለጠፍ

እርግማን ነው፣ ቡዳ ነው፣ እናቷ ናት። ፈረንጆቹም ከዚህ አልተሻሉም፣ ድሮ ቀዝቃዛ እናት ያመጣዋል ይሉ ነበር። ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬ ደግሞ በ1998 በ12 ልጆች ላይ ከተጻፈ ጽሁፍ የመጣ ነው፣ መጽሔቱ ራሱ በ2010 ሰርዞታል። አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የልጃቸውን ነገር በአደባባይ ባይናገሩ ስንት ቤት ውስጥ ስንት ልጅ ተደብቆ ይቀር ነበር።

"ምን ተሰማሽ?" ብሎ ወዲያው መልስ መጠበቅ

አላውቅማ! ተናድጄ ይሁን ደክሞኝ ይሁን በዛች ደቂቃ አልለየውም፣ ከፊቴ ቆማችሁ ስትጠብቁ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። የዶርም ጓደኛዬ ዘዴውን ያገኘችው ራሷ ነች፣ ቴሌግራም ላይ ትጽፍልኛለች፣ ስለ ስሜት አትጠይቅም፣ "በልተሻል? ተኝተሻል? ራስሽን ያምሻል?" ብቻ ነው የምትለው፣ እኔም ሲመቸኝ እመልሳለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ምሳ አልበላሁም ነው።