ሕፃናት ይዞ የሚኬድበትን፣ ኪስ የማይጎዳ የውሃ ዳር እንዴት እንደመረጥን

በአዲስ አበባ ዳር ካለው ቱሉ ዲምቱ ተነሥተን፣ ሕፃናት ይዘን፣ በጀታችን ሳይናጋ የት ውሃ ዳር እንረፍ የሚለው ጥያቄ የተፈታልን ከዋጋው በፊት ውሃውን ስናጣራ ነው። ቅርባችን ያሉት የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠሩ ስለሆኑ ከዳር ብዙም ሳይርቁ ይጠልቃሉ፤ በሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ የቢልሃርዚያ፣ ማለትም ከውሃው በቆዳ በኩል የሚገባ ጥገኛ ትል የሚያመጣው በሽታ፣ ስጋት አለ። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የላንጋኖ ሐይቅ ግን በብዙዎች ዘንድ ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው የሚባል ከመሆኑም በላይ፣ ያረፍንበት ዳርቻ አሸዋማና ቀስ በቀስ የሚጠልቅ ስለነበር፣ ትንሿ ልጃችን ውሃው ከቁርጭምጭሚቷ ሳያልፍ በጣሳ እየቀዳች አሸዋ ስታቦካ ዋለች። ወጪውን የቀነሰልን ቅዳሜና እሑድን ትተን በሥራ ቀን መሄዳችንና ድንኳን መትከላችን ነው፤ ምግብ ይዞ መግባት መፈቀዱን ግን አስቀድሞ በስልክ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ውሃውን ቡናማ ያደረገው ደለል ጥልቀቱን ስለሚደብቅ፣ ልጅ ከወላጅ ክንድ መራቅ የለበትም።